አብሽ፣ ሽፈራው ወይስ የበርበሪን እንክብል? ለስኳር የትኛውን እንግዛ?

ፒያሳ አካባቢ ቅመም ቤት ገብታችሁ «ለስኳር የሚሆን» ብትሉ መጀመሪያ የሚመዘንላችሁ አብሽ ነው። ቀጥሎ የሽፈራው ዱቄት ይመጣል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ደግሞ የበርበሪን እንክብል ያስመጣል። ሦስቱም «በጥናት የተረጋገጠ» ይባልላቸዋል። ከጥናቱ ብዙው ግን በእንስሳት ላይ የተሠራ ነው። እና እንስሳቱ የተሰጣቸውና እኛ የምንገዛው አንድ ነው ወይ?

ከአብሽ ልጀምር። በ1986 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የአብሽን ፍሬ ከፋፍለው ስኳር ላለባቸው ውሾች ሰጡ። ስኳሩን ያወረደው ቃጫ የበዛበት የቅርፊቱ ክፍል ነው። ዘይቱ ቀደም ባለ ሙከራ ምንም አልፈየደም። ስለዚህ የአብሽ ዘይት ለስኳር ብላችሁ አትግዙ። አብሽ ሲዘፈዘፍ የሚያወጣውን ልጋግ ታውቁታላችሁ። ቃጫው ሆድ ውስጥም እንደዚያው ይወፍርና ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። ሌላም አለው፤ 4-ሃይድሮክሲአይሶሉሲን የተባለ አሚኖ አሲድ የአይጥ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ሲገፋ ታይቷል። ይሄኛው ግን ውሃ ውስጥ ይሟሟል። እኛ ደግሞ ምሬቱ እንዲቀንስ የዘፈዘፍንበትን ውሃ እንደፋለን፤ ከፊሉ አብሮ መሄዱ አይቀርም። ከዚያ አረፋ እስኪያወጣ መትተን ማር እንጨምርበታለን። ለስኳር ተብሎ አብሽ በማር! እስቲ ይሁና።

የሽፈራው ማስረጃ ሳሳ ያለ ነው። የእኛው የኮንሶ ሽፈራው ቅጠል በውሃ ተጨምቆ ለጥንቸሎች ተሰጥቶ ስኳር መቀነሱ በ1997 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ኃይሉ ግሊቤንክላማይድ ከተባለው የስኳር እንክብል ያነሰ ነበር። ጥንቸሎቹም ስኳር የሌለባቸው ነበሩ። «ሞሪንጋ» የሚል ፓኬት ካነሳችሁ የኮንሶው ይሁን የሕንዱ ጠይቁ፤ ዝርያቸው ይለያያል። ቀለሙ ወደ ቡናማ ካደላ ያረጀ ወይም ፀሐይ የመታው ነውና ተዉት።

በርበሪን ከአንዳንድ ቁጥቋጦዎች ልጥና ሥር የሚወጣ ቢጫ ንጥረ ነገር ነው። በሜታቦሊዝም፣ ማለትም ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል በሚቀይርበት ሥራ፣ በኩል ጠንከር ያለው እሱ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት በዘር ስኳርና ውፍረት ያለባቸው አይጦች ክብደታቸው ቀነሰ፣ ሰውነታቸው ስኳርን የሚይዝበት አቅምም ተሻሻለ። ኤኤምፒኬ የተባለውን የሕዋስ ኢንዛይም ያነቃቃል፤ የታወቀው የስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚንም ይህንኑ ይነካል። ችግሩ ስትውጡት ወደ ደም የሚዘልቀው እጅግ ጥቂት ነው። ከሌሎች መድኃኒቶች ጋርም ይጋጫል። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት አይሆንም።

መጠኑን እንዴት ወደ ሰው እናምጣው? በትልቁ የላብራቶሪ አይጥ በኪሎ 200 ሚሊግራም ተሰጠ ከተባለ ለሰው ሲሆን ለ6 ገደማ ይካፈላል። ለ60 ኪሎ ሰው 2 ግራም አካባቢ ይሆናል። ያውም ተጣርቶ የወጣውን ማለት ነው፤ በማንኪያ የምትዝቁት ዱቄት ከዚያ በብዙ የሳሳ ነው። ደግሞ ብዙዎቹ አይጦች ስኳር የያዛቸው ቆሽታቸው በኬሚካል ተጎድቶ በቀናት ውስጥ ነው። የጎረቤታችን ስኳር ግን ዓመታት ወስዶ የመጣ ነው።

እኔ ብገዛ አብሽ እገዛለሁ። ያውም ፍሬውን፤ ተፈጭቶ የሚሸጠው ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። አስፈጭቼ ውሃውን ሳልደፋ፣ ማርም ሳልጨምር። ሽፈራውን እንደ ጎመን ቀቅሎ መብላት ይሻላል፤ ለመድኃኒትነት ግን ብር አላወጣበትም። በርበሪንን ሐኪም ሳላማክር አልነካውም።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ ሰዎች አብሹንም ቢሆን ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ አትጀምሩ፤ ስኳር ከልክ በታች ወርዶ ላብና መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን የምትወስዱም ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ አትጀምሩ። ሽምብራ ወይም ለውዝ አለርጂ የሚሆንባችሁ አብሽን ተጠንቀቁ። ሜትፎርሚናችሁን ደግሞ በአንዱም አትተኩ። ጣት የሚወጋው የስኳር መለኪያ ቤታችሁ ካለ ከመጀመራችሁ በፊትና ከጀመራችሁ በኋላ ለክታችሁ ጻፉት። ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ሻጩ ምንም ይበል፣ ሁለተኛ ኪሎ አትግዙ።