አቬንጀርስ ወይስ ስፓይደርማን? ለፒኤስ 4 (ፕሌይስቴሽን 4) የቱ ይሻላል?

ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ አካባቢ ያገለገለ የፒኤስ 4 ዲስክ ለምትፈልጉ ነው። ሁለቱም የማርቭል ጀግኖች ጌም ናቸው። ሁለቱም ጉድለት አለባቸው።

አጨዋወት

አቬንጀርስ (2020)፦ ትልቁ ችግሩ ድግግሞሽ ነው። ሃልክን ያዝ ቶርን፣ የምትደበድበው ያንኑ ሮቦት ነው፤ ያውም በዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ። ከዚያ ደግሞ ዕቃ መሰብሰብ አለ። በትንሹ የሚሻል ትጥቅ ለማግኘት አንዱን ሚሽን ደጋግመህ ትሠራለህ። ጌም መሆኑ ቀርቶ የቢሮ ሥራ ይሆናል። የወጣቷ ጀግና የካማላ ካን ታሪክ ግን ደስ ይላል፣ እሱን አልክደውም።

ስፓይደርማን (2018)፦ በኒውዮርክ ፎቆች መሃል መወንጨፉ ብቻ ዋጋውን ያወጣል። የሚሰለቹት የጎን ሥራዎቹ ናቸው። ጋዜጠኛዋን ሜሪ ጄንን ሆኖ እየተደበቁ ማለፍማ እንቅልፍ ያመጣል።

ኢንተርኔት

አቬንጀርስ፦ ዋናውን ታሪክ ብቻህን ትጨርሳለህ። ከጓደኛ ጋር ለመጫወት ግን ፒኤስ ፕላስ የሚባል የኦንላይን ደንበኝነት ይጠይቃል፤ እሱን ደግሞ በብር አትከፍለውም።

ስፓይደርማን፦ ዲስኩን ከተትክ፣ ጫንክ፣ አለቀ።

ስጋት

አቬንጀርስ፦ ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. በኋላ ከዲጂታል መደብሮች ወጥቷል። ዲስኩ ከተጫረ ሌላ ዲስክ ፍለጋ ነው።

ስፓይደርማን፦ እዚህ ላይ ብዙም አያሳስብም።

ጥሩ ዋይፋይና ኦንላይን የሚጫወቱ ሦስት ጓደኞች ካሉህ፣ ዲስኩም ከረከሰ፣ አቬንጀርስን ሞክር። በሞባይል ዳታ እየኖረ ብቻውን ለሚጫወት ስፓይደርማን። ለታናናሾችህ ከሆነ ሁለቱንም ተዋቸው። አንድ ቲቪ ላይ ለሁለት አያጫውቱም፤ ጆይስቲክ ሲነጣጠቁ ስትገላግል ታመሻለህ። ፊፋ ግዛላቸው።