ሁለተኛውን ብልቃጥ ለማይረሱት

እግዜር ይስጥልን! በየሪፈራል ሆስፒታሉ ያላችሁ የላፓራስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ሆድ ውስጥ የማየት) ቀዶ ሐኪሞች፣ የኦፕሬሽን ክፍል ነርሶችና የተቆረጠ ሥጋ በማይክሮስኮፕ የምትመረምሩ የፓቶሎጂ ባለሙያዎች፣ የሆድ ቲቢ ካንሰር ተብሎ እንዳያልፍ የምትይዙት እናንተ ናችሁ።

አማርኛችን ራሱ ሁለቱንም «ነቀርሳ» ይላቸዋል። ሆድ ውስጥ ደግሞ መልካቸውም አንድ ነው፦ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ሲቲ ስካኑ ሞራው መወፈሩን ያሳያል። በሴቶች ላይ ከ35 በታች መሆን የነበረበት ሲኤ 125 የሚባለው የደም ምርመራ ቁጥር ብዙ መቶ ሲገባ «የኦቫሪ ካንሰር ተሰራጭቷል» ይባላል። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሆድ ዕቃ ሽፋን በቲቢ ሲቆጣም ይጨምራል። የደረት ራጅ ንጹሕ መሆኑም አያዘናጋ፤ የሆድ ቲቢ ካለባቸው ብዙዎቹ ሳንባቸው ደህና ነው። በሥዕል ብቻ መፍረድ የበግ ሞራ ከማንበብ ብዙም አይሻል።

ከሆድ የተቀዳው ውሃ ሊምፎሳይት (አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) ከበዛበትና ኤዲኤ የሚባለው የኤንዛይም ምርመራ ከ39 ካለፈ ወደ ቲቢ ያመለክታል። ጂንኤክስፐርት (የቲቢን ባክቴሪያ በዘረመሉ የሚፈልግ ምርመራ) ኔጌቲቭ ቢል ግን «ቲቢ የለም» ማለት አይደለም፤ ውሃው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በጣም ጥቂት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል።

ቁርጡን የሚናገረው ሥጋው ነው። በላፓራስኮፒ ሲታይ ሰሊጥ ወይም ምስር የሚያህሉ ነጫጭ ፍንጣሪዎች ይገኛሉ፤ የካንሰር ዘርም እንዲሁ ስለሚመስል ዓይን አይታመንም። ከተለያየ ቦታ ተቆርጦ ከፊሉ ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ ለፓቶሎጂ ይሄዳል፣ ከፊሉ ንጹሕ ኖርማል ሴላይን (የጨው ውሃ) ባለበት ሁለተኛ ብልቃጥ ለጂንኤክስፐርትና ለካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ ለማየት) ይላካል። ስህተቱ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፦ ሁሉም ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ባክቴሪያው ስለሚሞት ካልቸር አይበቅልም፣ የትኛው መድኃኒት እንደማይሠራለትም አይታወቅም። ካልቸሩ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ፓቶሎጂስቱ መሐሉ የበሰበሰ ግራኑሎማ (ቲቢን የሚጠቁም የሴሎች ክምችት) ካየ ግን ሕክምናው እሱን ሳይጠብቅ ይጀመራል።

«የት እንሂድ?» ለምትሉን የምንጠቁመው ይህን የሚያደርግ ክፍል ነው። ከኦፕሬሽኑ በፊት «ናሙናው ለካልቸርም ይላካል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማህፀን ይውጣ ከተባለም መጀመሪያ የባዮፕሲውን (የተቆረጠው ሥጋ ምርመራ) ውጤት ጠይቁ። የተለመደው መድኃኒት የሚሠራለት ቲቢ ከሆነ 2 ወር በአራት፣ 4 ወር በሁለት መድኃኒት ይታከማል፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው።

ብልቃጦቹ ላይ ስምና የተቆረጠበትን ቦታ ጽፋችሁ በዚያው ቀን ላብራቶሪ የምታደርሱ ደግሞ፣ ማንም ስማችሁን አያነሳምና፣ እጃችሁ ይባረክ።