ከስር ምን ይነጠፍ? አኳሶይል፣ ባለቀለም ጠጠር ወይስ የወንዝ አሸዋ

ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ተክል ያለበት አኳሪየም ልጀምር ነው፤ ከስር ምን ላንጥፍ?» መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ከታች ቀይ አፈር፣ ከላይ በደንብ የታጠበ የወንዝ አሸዋ። ሌሎቹን የማነሳው ገንዘባችሁ በከንቱ እንዳይወጣ ነው።

ዋጋው ይቅደም። ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም በ5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ለመሸፈን 9 ሊትር ይፈልጋል። አማዞኒያ የሚባለው ታዋቂው የጃፓን አኳሶይል (ለአኳሪየም ተክል ተብሎ የተዘጋጀ አፈር) በ9 ሊትር ከረጢት ስለሚሸጥ አንዱ ልክ ይበቃል። ውጭ አገር 40 ዶላር ነው እንበል። ዶላር ከ100 ብር ካለፈ ቆይቷል። በ100 ብር ብናሰላው እንኳ 4,000 ብር ነው፤ ያውም ማስመጫው ሳይታሰብ። ክብደቱ ስምንት ዘጠኝ ኪሎ ይደርሳል። 23 ኪሎ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ዘመድ ቢኖራችሁ ከሻንጣው ሲሶውን ያህል ልትወስዱበት ነው።

አሸዋ የሚሸጠው በሜትር ኩብ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው። የሰፈራችሁን የዛሬ ዋጋ ለ1,000 አካፍሉና በ9 አባዙት። ሜትር ኩቡ 3,000 ብር ቢሆን ለእናንተ የሚደርሳችሁ 27 ብር ነው። ዋጋው እጥፍ ቢሆን 54 ብር። ቤት የሚያሠራ ጎረቤት ካለ ደግሞ አንድ ባልዲ አሸዋ ማንም አይከለክላችሁም።

አኳሶይል መጥፎ ነው አላልኩም። በሙቀት የጠነከረ የአፈር ፍሬ ነው። ሥር ይመግባል፤ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ዝቅ ያደርጋል፤ ማለትም ውሃውን ወደ አሲድ ያደላዋል። ለስላሳ፣ ማለትም ማዕድን ያልበዛበት ውሃ የሚወዱ ሽሪምፖች የሚያረባ ሰው ቢገዛው አልፈርድበትም። ለእኛ ግን ሁለት ነገር አይመችም። አንደኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓሣ የሚገድል አሞኒያ ይለቃል። ዓሣ ሳይገባ የውሃውን ግማሽ ያህል ደጋግሞ መቀየር ይጠይቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ያህል ውሃ ከየት ይመጣል? ሁለተኛ፣ ፒኤች የማውረድ አቅሙ ያልቃል። ውሃው ጠንካራ፣ ማለትም ኖራና ማዕድን የበዛበት በሆነ ቁጥር ቶሎ ያልቃል። ውሃ የምታፈሉበትን ማንቆርቆሪያ ውስጡን እዩት። ነጭ ቅርፊት ከያዘ ውሃችሁ ጠንካራ ነው፤ 4,000 ብሩም ቶሎ ይሟጠጣል። ፍሬው ራሱ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ እየፈረሰ ጭቃ ይሆናል። ያኔ እንደገና ግዢ ነው።

ተመሳስሎ የሚሸጠው ደግሞ ይብሳል። አንድ ጓደኛዬ ስም በሌለው ላስቲክ የታሰረ «አኳሶይል» ገዛ። «አብሽር፣ ያው ነው፣ ዋጋው ብቻ ነው የሚለየው» ብሎ ነበር ሻጩ። ውሃ በገባበት ሳምንት ፍሬው ሟሟ፣ ፊልተሩን ዘጋው፣ የፊልተሩ ሞተር ተቃጠለ። በርካሽ የተገዛው አፈር የሞተር ዋጋ አስወጣ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ እፍኝ ጠይቁ። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት በጣታችሁ ጫን ስታደርጉት ወዲያው የሚላቁጥ ከሆነ ተዉት። ሻጩ አንድ እፍኝ ከነሣችሁም ተዉት።

ባለቀለም ጠጠር ላይ ብዙ አልልም። ተክል አይመግብም። ርካሹ ቀለሙ ይላጣል፤ የተላጠውም ውሃው ውስጥ ነው የሚቀረው። በኪሎ ሲሸጥ ደግሞ ከአሸዋው ጋር የሚወዳደር ዋጋ የለውም። የክሬሸር ዜሮ ዜሮም (ድንጋይ ሲፈጭ የሚወጣው ደቃቅ) በነፃ ቢገኝ ስለቱ ከታች እየቆፈሩ የሚበሉ ዓሦችን ይጎዳል።

አሸዋ ሲባል ግን የትኛውም አሸዋ አይደለም። የቦርከና ወንዝ በደሴ በኩል አልፎ ኮምቦልቻ ይገባል፤ እዚያ ለዮሌና ወርቃ የተባሉት ጅረቶች የፋብሪካ ፍሳሽ ይዘው ይገናኙታል። ከዚያ በታች የተዛቀ አሸዋ አኳሪየም ውስጥ አላስገባም። ከከተማና ከፋብሪካ በላይ የወጣውን ጠይቁ። ከዚያ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ ወይም ቀንድ አውጣ ቅርፊት አለበትና ውሃውን ይበልጥ ያጠነክረዋል። የወሎ ተራራ አብዛኛው ባዛልት የሚባል ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ከእሱ የመጣ አሸዋ ብዙ ጊዜ ፈተናውን ያልፋል። ዱቄቱን በወንፊት አስወጡ፤ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር የሚሆነውን አስቀሩ። ማጠቢያው ውሃ ጥርት እስኪል እጠቡት። የማጠቢያውን ውሃ ለጓሮ ጎመን አጠጡት፣ አይባክን።

ከስር የሚገባው አፈር ፍግ ያልነካው ቀይ አፈር ይሁን። ዋልካ አይሆንም፤ ይላቁጣል። ዩሪያ ወይም ዳፕ የተዘራበት የእርሻ አፈርማ ጭራሽ አይሞከርም፤ አሞኒያው ዓሣ ይገድላል። አፈሩን ውሃ አጠጥታችሁ በፀሐይ አድርቁ፣ ደጋግሙት፣ ንፉት። 2 ሴንቲ ሜትር አፈር፣ በላዩ 3 ሴንቲ ሜትር አሸዋ። ተክል ስትነቅሉ ቀስ በሉ፤ አፈሩ ወደ ላይ ከወጣ ውሃው ይደፈርሳል።

ነባሩን መቀየር ለሚፈልግ፦ ዓሦቹ እያሉ ወለሉን አታማስሉት። አሮጌ ንጣፍ ስር የታመቀ ጋዝ አለ፤ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው እሱ ነው። ዓሦቹን በራሳቸው ውሃ ባልዲ ውስጥ አስቀምጡ። የፊልተሩን ስፖንጅ እዚያው ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ጠቃሚው ባክቴሪያ ያለው እሱ ላይ ነው፣ በቧንቧ ውሃ ካጠባችሁት በክሎሪን ታጡታላችሁ። አዲሱን የቧንቧ ውሃ ከፍታችሁ አንድ ቀን አሳድሩት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ባልዲ ውሃ ቶሎ ይቀዘቅዛልና ሥራውን እኩለ ቀን ላይ ጨርሱት። በመጀመሪያው ሳምንት ምግብ ቀንሱ።

የተነቀለ ተክል ወደ ቦርከናም ሆነ ወደ ሎጎ ሐይቅ አይጣል። ጣናን የወረረው እምቦጭ ከውጭ የመጣ የውሃ ተክል ነው። ፀሐይ ላይ አድርቁና አቃጥሉት።