ማግኔት ወይስ ሚዛን፦ የቆየ የብር ሳንቲምን ከሐሰተኛው ለመለየት

በውጭ አገር የቱሪስት ገበያ የቆየ የብር ሳንቲም ለሚገዛ ሰው ማግኔት ፈጣኑ መፈተሻ ነው፤ ብር በማግኔት ስለማይሳብ፣ የሚጣበቀው ሳንቲም ሐሰተኛ መሆኑ ወዲያውኑ ይታወቃል። ይሁንና መዳብ፣ ናስና ዚንክም ስለማይሳቡ፣ ማግኔት ሐሰተኛውን ያጋልጥ ይሆናል እንጂ እውነተኛውን አያረጋግጥም፤ ገዢ በዚህ ፈተና ብቻ ተማምኖ ገንዘቡን ሲከፍል ማየት ከልብ ያሳዝነኛል።

ከኪስ የማትበልጥ የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ግን እጅግ የተሻለ ማስረጃ ትሰጣለች። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1904፣ ከዚያም በ1921 የተመረተው ሞርጋን ዶላር የተባለው የአሜሪካ ሳንቲም 90 በመቶ ብር ሆኖ 26.73 ግራም ይመዝናል፤ ከዳር እስከ ዳር ስፋቱም 38.1 ሚሊሜትር ነው። ስፋቱ ትክክል ሆኖ ክብደቱ በበርካታ ግራም ከጎደለ፣ ጉድለቱ ከእጅ ወደ እጅ በመዘዋወር የመጣ መመናመን ነው የሚለውን የሻጭ ማብራሪያ መቀበል አይገባም።