ቅዳሜ በአስፋልት፣ እሁድ በጫካ

አንድ የሳይክል ሱቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሚያዘጋጀውን የቡድን ጉዞ ሞከርኩት። እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፣ ስሙን ተዉት። በነፃ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ደግሞ «ማንንም ጥለን አንሄድም» ይላል። እኔን የሳበችኝ እሷ ናት።

የሄድነው ደብልዩ ኤንድ ኦዲ በሚሉት መንገድ ነው። ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። አሁን ከአርሊንግተን እስከ ፐርሰልቪል 45 ማይል፣ በኛ 72 ኪሎ ሜትር፣ አስፋልት ለብሷል። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱም ብዙ አያለፋም። በመንገዱ ቅሬታ የለኝም።

ሰዉ ነው እንጂ። ገና ስደርስ ሰላምታ አቀረብኩ፤ ሁለቱ አንገታቸውን ነቅነቅ አደረጉ፣ የቀሩት ማርሻቸውን ይነካካሉ። እኛ አገር ሰላምታ የእግዜር ነው፣ እንዲህ አይደረግም። ቪየና የምትባለው የቨርጂኒያ ከተማ ልንደርስ ስንል የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። እጄን አነሳሁ፣ ጮህኩ። ማን ይስማ! ጀርባቸው እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

እውነቱን ለመናገር ያነሳኝም የአስፋልት ሰው ነው። ብቻውን የሚነዳ፣ ያንን ጥብቅ ያለ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ። ሳልጠራው ቆሞ መንፊያውን አወጣ፣ የውስጡን ጎማ እስክቀይር ሳይክሌን ያዘልኝ። «አትቀየማቸው» አለኝ። የፊተኛው ንፋሱን ስለሚሰብርልህ ተጠግተህ ትነዳለህ፣ ተጠግተህ እየነዳህ ደግሞ ዓይንህን ከፊትህ ካለው ጎማ ከነቀልክ ሁላችሁም ተያይዛችሁ መሬት ናችሁ። ገባኝ። ግን አንዴ ቆም ብለው ቢቆጥሩን ምን ነበረበት? ስንነሳ እኮ 11 ነበርን።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የተራራ ሳይክል ተከራይቼ ፌርፋክስ ስቴሽን ወዳለው ፋውንቴንሄድ የሚባል ፓርክ ሄድኩ። ሌላ ዓለም! ገና ከመኪናዬ ሳልወርድ ሰላም አሉኝ። ዳቦ ቆሎ ይዤ ነበር፣ ዘረጋሁት። አንዷ ቀምሳ ዝም አለች፣ ከዚያ ምንም ሳትል እፍኝ ሙሉ ኪሷ ከተተች። የመንገዱ ክብደት በቀለም ነው የሚለየው፤ አረንጓዴውና ሰማያዊው ለኔ ቢጤ ነው። ጥቁሩን ግን ግማሹን ሳይክሌን እየገፋሁ በእግሬ ነው የጨረስኩት፤ ታዲያ ያለፈኝ ሁሉ «ደህና ነህ?» ሳይለኝ አላለፈም።

በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ሞር የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር አለ፤ አባላቱ አካፋና ዶማ ይዘው እየመጡ የጫካውን መንገድ ራሳቸው ይጠግናሉ። ደቦ በሉት። አብሮ የቆፈረ ሰው እንዴት ሳይተዋወቅ ይቀራል?

ዝናብ ከዘነበ መንገዱ እንዳይበላሽ ይዘጉታል፣ ሳታጣሩ እንዳትሄዱ። ሱቁ ደግሞ ወይ ያችን ዓረፍተ ነገር ከማስታወቂያው ያንሳት፣ ወይ ከኋላ የሚጠብቅ አንድ ሰው ይመድብ። እኔ የፊታችን እሁድ ጫካ ነኝ። ዳቦ ቆሎውንም በትልቁ ላስቲክ ነው የምይዘው።