በድምፅ ወይስ በጽሑፍ? የበረራ ትእዛዝና የጥሪ ስም መምታታት

በድምፅ ሬዲዮ፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ያሉ አብራሪዎች ሁሉ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው የሚሰጠውን ትእዛዝ ይሰማሉ። የጥሪ ስማቸው (በሬዲዮ የሚጠሩበት መለያ) በ501 እና በ510 የሚያልቅ ሁለት በረራዎች ካሉ፣ ለአንዱ የተሰጠውን ከፍታ ሌላው ሊወስደው ይችላል። መከላከያው አብራሪው የጥሪ ስሙን ጨምሮ ትእዛዙን መድገሙ፣ ተቆጣጣሪውም ድግግሞሹን ከልቡ ማዳመጡ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ከተናገሩ ግን ንግግሩ በፉጨት ይዋጣል፤ በ1977 እ.ኤ.አ. በስፔኗ ቴኔሪፌ ደሴት ላይ 583 ሰዎች ባለቁበት አደጋ የሆነው ይኸው ነው።

ተቆጣጣሪና አብራሪ የሚላላኩት የጽሑፍ መልእክት (ሲፒዲኤልሲ) የሚደርሰው ለተላከለት አውሮፕላን ብቻ ነው፤ አብራሪው አንብቦ «እፈጽማለሁ» የሚለውን ይመርጣል። ለውቅያኖስ በረራ ይህን እመርጣለሁ። ለማረፍ ሲቃረቡ ግን ይዘገያል፤ «ቶሎ ታጠፍ» የሚባለው በድምፅ ነው።