ካርድ ልጨምር ወይስ ሳጥኑን ልቀይር? የቲኢኤስ824፣ የኤንኤስ500 እና የአይፒዎቹ ንጽጽር

ሰው ሲደውልልኝ "የስልክ ካርድ ስንት ነው?" ብሎ ነው የሚጀምረው፣ እኔ ደግሞ "የቱ ካርድ?" እላለሁ፣ ከዛ ዝም። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች፣ የቴሌን መስመር ለቢሮው ስልኮች የምታከፋፍል የፓናሶኒክ ሳጥን (ፒቢኤክስ) ያለቻችሁ፣ መስመር ወይም ኤክስቴንሽን ያለቀባችሁ ቢሮዎች፣ ካርድ መጨመር ይሻላል ወይስ ወደ ትልቁ ሃይብሪድ (ተራም ዲጂታልም አይፒም ስልክ ወደሚቀበለው ኤንኤስ500) መሄድ ወይስ ጠቅልሎ አይፒ (ስልኩ በኮምፒውተር ኔትወርክ የሚሄድበት) መግባት የሚለውን እኔ ስራ ላይ እንደማየው ልጻፈው።

መጀመሪያ ግን የጎደላችሁ ምን እንደሆነ ለዩት። ከኢትዮ ቴሌኮም የሚገባው መስመር (ቴክኒሻኖች ሲኦ የሚሉት) ሌላ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ያለው ኤክስቴንሽን ሌላ ነው። ደንበኛ "ስልካችሁ ሁሌ ቢዚ ነው" ካላችሁ ያነሳችሁ መስመር ነው፣ አዲስ የተቀጠረችው ልጅ የሰው ጠረጴዛ ላይ ሄዳ እያወራች ከሆነ ደግሞ ኤክስቴንሽን ነው። ይሄን ሳይለዩ ሜርካቶ የወረዱ ስንት ሰዎች አሉ።

ቲኢኤስ824 አዲስ ከካርቶኑ ስትወጣ 3 መስመርና 8 ኤክስቴንሽን ናት፣ በካርድ ስትሞላ እስከ 8 መስመርና 24 ኤክስቴንሽን ትደርሳለች፣ ከዛ በላይ አንድም አይጨመርም። የሚያሳስቱት ሶስት ካርዶች ናቸው። 82483 የሚባለው 3 መስመርና 8 ኤክስቴንሽን ይጨምራል፣ 82480 ደግሞ 2 መስመርና 8 ኤክስቴንሽን፣ 82474 ግን 8 ኤክስቴንሽን ብቻ ነው፣ መስመር የለውም። 83ቱንና 80ውን ካስገባችሁ ሳጥኗ ሙሉ ሆነች፣ 8 በ24። 83ቱንና 74ቱን ካስገባችሁ ግን 24 ኤክስቴንሽን ይኖራችሁና መስመራችሁ 6 ላይ ይቆማል፣ በኋላ ሰባተኛ መስመር ስትፈልጉ የገዛችሁትን አውጥታችሁ ሌላ መግዛት ነው። በካርዶቹ መሃል የዋጋ ልዩነት ቢኖርም 74ቱን ርካሽ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ።

ሌላው ደግሞ፣ ሻጭ የማይነግራችሁ ነገር፣ 80ውና 74ቱ ተራ ስልክ ብቻ ነው የሚቀበሉት። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ስክሪንና ብዙ በተን ያላት ቲ7730 የምትሰራው ዋናው ሳጥንና 83ቱ ላይ ነው፣ ማለትም ከ1 እስከ 16 ባለው ፖርት። ሴክሬታሪዋ ቢሮ ቀይራ 117 ላይ (17ኛው ፖርት ማለት ነው) ስልኳን ብትሰካ ድምፅ የለም፣ ስልኩም ካርዱም ግን አልተበላሸም።

ባለፈው ክረምት አንድ አስመጪ ቢሮ ተጠርቼ ሄድኩ፣ ሐምሌ ነው፣ ማታውን መብረቅ ሲወርድ አድሯል። ከ1 እስከ 3 ያሉት መስመሮች ይሰራሉ፣ 4፣ 5ና 6 ድምፅ የላቸውም፣ እነሱ 994 ደውለው ሁለት ቀን ቴሌን ሲጠብቁ ነበር። የ4ተኛውን መስመር ገመድ ነቅዬ ፖርት 1 ላይ ስሰካው ጥርት ያለ ዳያል ቶን ሰጠኝ። በቃ መስመሩ ደህና ነው፣ የሞተው 83 ካርዱ ነው፣ የሚገርመው የዛው ካርድ ኤክስቴንሽኖች እየሰሩ ነበር፣ መብረቁ በመስመሩ በኩል ገብቶ የመስመሩን ክፍል ብቻ ነው ያቃጠለው። ባለቤቱ ግንባራቸውን ይዘው "ልጄ፣ ለምን አዲሱን ገዝተን አንገላገልም?" አሉኝ፣ እኔም "ጋሼ ቆይ፣ መጀመሪያ እናስላው" አልኳቸው። 13 ሰው ነው ያላቸው፣ 6 መስመር ይበቃቸዋል፣ ሳጥኑ ደህና ነው፣ ታዲያ 13 የአይፒ ስልክና ስዊች ምን ያስገዛቸዋል።

ካርዱን ግን ልጁን ልከው ስላስገዙት ሱቁ 74ቱን ሰጥቶት መጣ፣ "ያው ነው፣ እሱም ስምንት ፖርት ነው" ተብሎ። አገላብጬ ሳየው ለመስመር የሚሆን ቀዳዳ የሚባል ነገር የለውም። ልመልስ ብሎ ሲሄድ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" አሳዩት። ጋሼ ያን ቀን የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም።

መግጠሙ ራሱ ከባድ አይደለም። ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍቶ ሶኬቱን መንቀል ነው፣ ሲስተሙ እየሰራ ካርድ መሳብና መክተት የለም፣ ማዘርቦርዱን ይዞ ይሄዳል። ገመድ ከመንካታችሁ በፊት በሞባይል ፎቶ አንሱ፣ የቱ ገመድ የቱ ፖርት ላይ እንደነበር ፕላስተር ለጥፋችሁ ቁጥር ጻፉበት፣ ይሄን ያልሰራ ሰው ከሰዓቱን ሙሉ "ሃሎ፣ ይሄ የማን ቢሮ ነው?" ሲል ነው የሚውለው። ካርዱን በጠርዙ ያዙ፣ ከመያዛችሁ በፊት ኧርዝ የተደረገ ብረት ንኩ። ከተገጠመ በኋላ ፖርት 1 ላይ ባለችው ቲ7730 ፕሮግራም በተኑን ተጭኖ ኮከብ፣ መሰላል፣ 1234 ብሎ ተገብቶ አዲሱ መስመር ሲደወል የትኛው ስልክ ይጩህ የሚለውን ማዘዝ ነው። 1234 የፋብሪካው ኮድ ነው፣ እንዳለ የተዉት ቢሮዎች ብዙ ናቸውና በዛው ቀይሩት። ኧርዝ ሽቦውንም እዩት፣ ካሁን በፊት የከፈትኳቸው ሳጥኖች ግማሾቹ ላይ ሽቦው በባዶ ተንጠልጥሎ ነው ያገኘሁት፣ እንዲህ ሆኖ ካርድ መቀየር በየክረምቱ ካርድ መግዛት ነው።

ለዚች ሳጥን አንድ ነገር ልመስክርላት፣ መብራት ሲጠፋና ዩፒኤስ ሲያልቅ መስመር 1 በቀጥታ ኤክስቴንሽን 1 ላይ ይወድቃል፣ እዛ ፖርት ላይ ተራ ስልክ ካለ መብራት ሳይኖርም ይደወላል። ለጥበቃ በርም 82460 የሚባል የበር ስልክ ካርድ አላት፣ ሁለት በር ይይዛል። መጥፎ ጎኗ ደግሞ ፓናሶኒክ ከዚህ የቢሮ ስልክ ስራ ወጥቷል፣ ስለዚህ የምትገዙት ካርድ ወይ መደርደሪያ ላይ የቆየ ነው ወይ ከሌላ ሳጥን የተነቀለ ነው፣ እያደር ደግሞ ይወደዳል።

ኤንኤስ500 ጋ ስንመጣ፣ ይሄኛው ገና ሲነሳ 6 መስመርና 18 ኤክስቴንሽን አለው፣ ከ18ቱ 16ቱ ለተራ ስልክ 2ቱ ለዲጂታል፣ በማስፋፊያ ሳጥን እየተቀጠለ እስከ 288 ይሄዳል። ካርዶቹም ሰፋ ያሉ ናቸው፣ 5180 ስድስት መስመር፣ 5173 ስምንት ኤክስቴንሽን፣ 5174 አስራ ስድስት። ሆቴል፣ ክሊኒክ፣ ባለ ብዙ ፎቅ ቢሮ፣ ግድግዳው ውስጥ የድሮ የስልክ ገመድ የተቀበረለት ቤት ከሆነ ገመዱን ሳታፈርሱ ማደግ ትችላላችሁ፣ እኔ ካሁን በፊት ያስገባኋቸው ደስተኞች ናቸው። አሁን ግን አዲስ ለሚጀምር ሰው አልመክረውም፣ ምክንያቱም እሱም ያው ፓናሶኒክ ነው። ዩዝድ ስታገኙ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ፣ የሲፕ መስመርና (በኔትወርክ የሚገባ መስመር) የአይፒ ስልክ የሚከፍተው አክቲቬሽን ኪ (የላይሰንስ ኮድ) የተሰራው ለዛች ሳጥን መለያ ቁጥር ነው። ካርዱን ነቅላችሁ ወደ ሌላ ብትወስዱት ኪው አብሮ አይመጣም፣ "ሙሉ ላይሰንስ አለው" የሚላችሁን ሻጭ ሳጥኗን አብርቶ እንዲያሳያችሁ አድርጉ።

ዪስታር (Yeastar) ፒ550 ከአይፒዎቹ ውስጥ ካርድ የለመደ ሰው ቶሎ የሚግባባው ነው፣ ምክንያቱም እሱም ይከፈታል፣ ትንንሽ ሞጁል ይሰካበታል። ኦ2 የሚባለው 2 መስመር ያስገባል፣ ኤስ2 ለ2 ተራ ስልክ፣ ኤስኦ አንድ አንድ። በድምሩ 8 ፖርት ነው ያለው፣ ስለዚህ 4 የቴሌ መስመር ካስገባችሁ ለተራ ስልክ የሚቀራችሁ 4 ነው። 50 ተጠቃሚና በአንድ ጊዜ 25 ጥሪ ይይዛል። ሲም የሚበላ የ4ጂ ሞጁልም አለው፣ የሳፋሪኮም ወይም የኢትዮ ሲም አስገብታችሁ ከጠረጴዛ ስልክ መደወል ትችላላችሁ፣ ይሄ ብዙ ወደ ሞባይል ለሚደውል የሽያጭ ቢሮ ትልቅ ነገር ነው። እዚህም ሞጁል ሲገባ መብራት ይጠፋል፣ ሞጁል ነው ብላችሁ አትዳፈሩ።

ዋጋውን የሚያስወድደው ሳጥኑ ሳይሆን ዙሪያው ነው። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ የአይፒ ስልክ፣ ፖኢ ስዊች (ለስልኮቹ መብራት በኔትወርክ ገመድ የሚልክ)፣ ካት6 የኔትወርክ ገመድ፣ ለስዊቹም ዩፒኤስ፣ የድሮዋ ሁለት ክር የስልክ ገመድ ደግሞ ለዚህ አትሆንም። 20 ተራ ስልክ ይዞ አይፒ ልግባ የሚል ሰው እንደ ግራንድስትሪም 4224 ያለ ባለ 24 ፖርት ጌትዌይ (ተራ ስልክን ከአይፒ ጋር የሚያገናኝ ሳጥን) ቢገዛ ስልኮቹንም ገመዱንም ያተርፋል፣ ዲዛይኑ አያምርም ግን ይሰራል።

ካርድ የሚባል ነገር ማየት የሰለቸው ሰው ደግሞ ግራንድስትሪም ዩሲኤም6304 አለለት፣ 4 የመስመርና 4 የተራ ስልክ ፖርት ሳጥኑ ላይ አብሮ ተሰርቶ ነው የሚመጣው፣ የሚጨመር የለም። አምስተኛ መስመር ስትፈልጉ ወይ 6308 መግዛት ወይ ጌትዌይ ማስቀጠል ነው። ቢሮው ፋይበር ገብቶለት ሲፕ ትራንክ የሚጠቀም ከሆነ ግን የፖርት ነገር ብዙም አያስጨንቀውም፣ ያኔ እኔ ራሴ ይሄን ነው የምገዛው።

እናንተ ከ24 ሰው ካልበለጣችሁ፣ ሳጥኗ ደህና ከሆነችና የሞተው ወይም የጎደለው አንድ ካርድ ከሆነ ካርዱን ግዙ፣ ሁለተኛ አታስቡ። ዋናው ቦርድ ከተቃጠለ ወይም 25ኛ ሰው እየመጣ ከሆነ ግን ለዛች ሳጥን አንድ ብር አታውጡ።

ሱቅ ስትሄዱ የሞተውን ካርድ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቦርዱ ላይ ያለውን ቁጥር አጠገብ ለአጠገብ አስተያዩ። ካርቶኑን አትመኑ፣ 83 ተብሎ 74 የተቀመጠበት ካርቶን አይቻለሁ። መስመር የሚሰካበት ቦታ አካባቢ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ነገር ካለ ተዉት፣ መብረቅ የቀመሰ ነው። ከቻላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት "ሳጥን ላይ ሰክቼ በሶስቱም መስመር ዳያል ቶን ሰምቼ ነው የምወስደው" በሉ፣ በሶስቱም፣ በአንዱ ብቻ አይደለም። ሻጩ እምቢ ካለ ቀጣዩ ሱቅ ሁለት በር አልፎ ነው።